ፈረሱን የሰጠ ድርቆሹንም ያስብ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

   

የዛሬው ንግግራችን ስለ ፈረስ ነው። «ከዚህ ሁሉ ችግራችን መካከል ፈረስ ላይ ምን አደረሳችሁ?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ገንዘባችሁን ይመለከታል።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ፕሮግራም አንድ ጥሪ አቅርበን ነበር። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ በገጠር ለሚኖሩ የቲምና ድኻ ወጣቶች ፈረስ እንግዛላቸው ብለን ነበር። ግልቢያ ይማራሉ፣ በፈረሱ ሠርተው እናታቸውን ይረዳሉ፣ ወደ ከተማ ወርደው በረንዳ ላይ ከማደርም ይድናሉ ብለን ነበር። ሐሳቡ ያኔ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። እናንተም አላሳፈራችሁንም። ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ ሳይቀር ሰጣችሁ። አንዲት እናት የጆሮ ጌጣቸውን አውልቀው ልከው ነበር። በተሰበሰበው ገንዘብ ስምንት ፈረስ ተገዛ። በርክክቡ ቀን ፈረሶቹን በመስጊድ ግቢ አሰልፈን፣ አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አስረን፣ ልጆቹን ከጎናቸው አቁመን ፎቶ አነሣን። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ተለያየን።

ከስምንቱ ፈረሶች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። ሦስቱ ሞተዋል፤ ሁለቱ ተሽጠዋል። ግልቢያ የተማረ ልጅ ግን አላገኘንም። አንድም።

የሰጣችሁት ገንዘብ አማና ነው። የደረሰበትን ሳንነግራችሁ ለሁለተኛ ጊዜ እጃችንን ልንዘረጋ አይገባንም። የዛሬው ንግግር በቅድሚያ የሒሳብ ማቅረቢያ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩን እንደሰማን የፈረድነው በልጆቹ ላይ ነበር። «የተሰጣቸውን መያዝ የማይችሉ» ተባለ። በስብሰባችን ላይ ከዚህም የከፋ ቃል ተነግሯል፤ የተናገርነውም እኛው ነን። ይህን ፍርድ ያፈረሰብን አዳማ ላይ ያገኘነው አንድ ልጅ ነው።

ጊዜው ከሱብሒ ሰላት በኋላ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ በአዳማ ጋሪ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ተገፍቷል፤ ቢሆንም እህል፣ ብሎኬት፣ አሸዋና የገበያ ዕቃ የሚያመላልሱ ጋሪዎች አሁንም አሉ። ከነዚያ ጋሪዎች በአንዱ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ከፎቷችን ላይ አወቅነው። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሁን ቁመቱ ጨምሯል፤ የሚነዳው ፈረስ ግን የእሱ አይደለም፤ ጋሪውም የእሱ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱ ነው። ገቢው ካልሞላ ፈረሱ እስኪመሽ ይሠራል።

«የሰጠንህ ፈረስስ?» አልነው።

«ጋሼ፣ ፈረሱን ሰጣችሁኝ። ከዚያ ሄዳችሁ» አለን።

ልጁ ይህን ሲል አልተቆጣም። የሆነውን ነው የተናገረው። ፈረሱ በጥቅምት ሲገባ ሳር ነበር፤ በየዳሩ ይግጣል። የካቲት ላይ ሳሩ አለቀ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እናቱ በእጃቸው ባለው ገንዘብ አንድ እስር ድርቆሽ ይግዙ ወይስ ለቤቱ በቆሎ? በቆሎ ገዙ። ማን ይፈርድባቸዋል? ፈረሱ ከሳ። ልጁም ራሱን በራሱ ይቀልብ ብሎ ከዘመድ በተዋሰው ጋሪ ጠመደው። የጋሪው ዕቃ ለሌላ ፈረስ የተሠራ ስለነበር ደረቱን ላጠው። ቁስሉ ሳይድን እግሩ ላይ እንደ ሙስበሐ ፍሬ የተደረደረ እብጠት ወጣ፤ እየፈረጠ መግል አወጣ። ጎረቤት መጥቶ በጋለ ብረት ተኮሰለት። «አልሸጥኩትም፤ መንገድ ላይም አልጣልኩትም። ሞተብኝ» አለን።

ቀጥሎ የተናገረው ቃል ነው ይህን ንግግር ያስጻፈን። «እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ እንጂ ፈረሰኛ አይደለሁም። ፈረሰኛ አያቴ ነበር» አለ። ልጁ የአርሲ ልጅ ነው። ፈረስን በሚያውቅ ሕዝብ መካከል የተወለደ፣ አያቱ ሽምጥ የሚጋልብ የነበረ ልጅ፣ ከፈረስ የሚያውቀው ጅራፉን ነው። እሱንም ከሌላ ጋሪ ነጂ ልጅ በግማሽ ቀን ተምሮት።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዚህ ልጅና የፈረሱ ታሪክ አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አንድ ፈረስ በአላህ መንገድ ለአንድ ሰው ይሰጣሉ። የተሰጠው ሰው ፈረሱን ሳይንከባከበው ይቀራል። ዑመር (ረ.ዐ.) በርካሽ ይሸጥልኛል ብለው አስበው ሊገዙት ይፈልጉና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ይጠይቃሉ። ነቢዩም በአንድ ዲርሃም እንኳ ቢሸጥላቸው እንዳይገዙትና ሰደቃቸውን መልሰው እንዳይወስዱ ይከለክሏቸዋል። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰደቃን ስለ መመለስ ሲነገር ነው፤ ዋና ትምህርቱም እሱ ነው። እኛ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ስናነበው ዓይናችን ያረፈው መሐል ላይ ባለችው ነገር ነው፤ ፈረሱ ተሰጠ፣ የተሰጠው ሰው አልያዘውም። ዑመርን በመሰለ ሰው እጅ የተሰጠ ፈረስ ተጎሳቁሎ ከታየ፣ የኛ ስምንት ፈረሶች ያለ ድርቆሽ ምን ይሆናሉ ብለን ነበር ያሰብነው?

ሌላም ሐዲስ አለ፤ ቡኻሪ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የዘገቡት። በአላህ አምኖ፣ ቃሉንም እውነት ብሎ በአላህ መንገድ ፈረስ ላቆመ ሰው በቂያማ ቀን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥለት ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። የሚቀመጥለት የጠገበው ምግብ፣ የጠጣው ውሃ፣ ፋንድያውና ሽንቱ ነው። ሐዲሱ የመጣው ፊሰቢሊላህ ስለተዘጋጀ ፈረስ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ እንዳለ ልንወስደው አንደፍርም። አቆጣጠሩን ግን ተመልከቱ። በዝርዝሩ ውስጥ የፈረሱ ዋጋ አልተጠቀሰም። የተጠቀሰው የየዕለቱ ቀለብ ነው፤ ጋጣ የሚጠርግ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ ደግሞ ዋጋውን ሰብስበን ቀለቡን ረሳን።

እስቲ ቀለቡን እንቁጠረው። የሀገራችን ፈረስ ትልቅ አይደለም፤ ብዙው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ፈረስ ሳይከሳ ለመኖር በቀን ቢያንስ አምስት ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ከሠራ ከዚያም በላይ። በዓመት ወደ 18 ኩንታል ማለት ነው። አሥራ ስምንት ኩንታል! በአዳማ ሙቀት እየሠራ የሚጠጣው ውሃ በቀን ሠላሳ ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ውሃ በጀሪካን ከቦኖ የሚቀዳ ከሆነ እሱም ዋጋ አለው። ፈረስ ደግሞ እንደ በሬ አያመሰኳም። ሆዱ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ካልበላ ይታመማል። ቀን በባዶ ሆዱ አሠርቶ ማታ አንድ ጊዜ ገብስና ፉርሽካ መዘርገፍ ለሆድ ቁርጠት ማጋለጥ ነው። በወንጂ በኩል የሸንኮራ አገዳ ጫፍ፣ በየወፍጮ ቤቱ ፉርሽካ ይገኛል፤ የሚረዱ ነገሮች ናቸው፤ ድርቆሹን ግን አይተኩም።

ስለ በሽታውም እንንገራችሁ። የልጁን ፈረስ የገደለው እንደ ዶቃ የሚደረደር እብጠት በሳይንሱ የታወቀ የፈረስ በሽታ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ሲሆን የሚገባውም በቁስል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ 28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዘው አግኝቷል። በብርዳማ ደጋ ከተሞች በሽታው ጭራሽ ያልታየበት ቦታ ነበር። ከሁሉ የከፋው የትኛው ከተማ ይመስላችኋል? ሞጆ። ከመቶ 39። ከአዳማ አፍንጫ ሥር ማለት ነው። ከደጋ የመጣ ፈረስ በሰላም የኖረውን ኑሮ እዚህ ወርዶ በአንዲት የደረት ቁስል ያጣዋል። በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ የሚያድን ርካሽ መድኃኒት የለም። ቁስሉን ግን ማስቀረት ይቻላል፤ የጋሪውን ዕቃ በፈረሱ ልክ ማድረግ፣ ከማሰሪያው ሥር ንጹሕ የብርድ ልብስ ቁራጭ ማድረግ፣ ከፌሮ የተጠማዘዘውን ልጓም ጥሎ አፍ የማይቆርጥ ልጓም ማግባት ነው። ይህን ልጁ አላወቀም፤ የሚያሳየውም ሰው አልነበረም። እኛም አላወቅንም።

ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ከአዳማ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምም እዚያው ነው። ከዝናብ በኋላ ትንኝ የሚያዛምተው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ በሽታ አለ፤ ክትባቱ የሚመረተው በዚሁ ተቋም ነው። እኛ ፈረሶቹን ገዝተን በቢሾፍቱ በኩል ስናልፍ መኪናችንን እንኳ አላቆምንም።

እዚህ ላይ አንድ አባት በስብሰባችን ያነሡትን ጥያቄ መመለስ አለብን። ሐጂ ቀጥተኛ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ የተራበን ልጅ ፈረስ ላይ አውጥታችሁ ምን ልትሠሩት ነው? ግልቢያ የሀብታም ጨዋታ ነው። ዳቦ ስጡት፣ ደብተር ስጡት» አሉን። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ፈረስ ለሌለበት ሀገር ልጅ ቢሆን እኛም ከሐጂ ጋር በተስማማን። የኛ ልጆች ግን ከፈረስ ጋር መዋላቸው አይቀርም። በሀገራችን ወደ ሁለት ሚሊዮን ፈረስ አለ። ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች በርካታ ልጆች ጋሪ ላይ ነው የሚውሉት። ምርጫው ሳያውቁ ይዋሉ ወይስ አውቀው የሚለው ነው። መጋለብ የተማረ ልጅ ፈረሱ ሲያነክስ ገና ሰው ሳያየው በጀርባው ይሰማዋል። ጀርባው ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባው ሲቆስል ያውቃል። ከጋሪ ላይ ሆኖ ግን የሚታየው ጅራቱ ነው። የተገራ ፈረስ ካልተገራው የበለጠ ዋጋ ማውጣቱንም የማንኛውም ከብት ገበያ ደላላ ይነግራችኋል። መግራት ሙያ ነው፤ ኮርቻ መስፋት ሙያ ነው፤ ሰኮና መከርከም ሙያ ነው። ሁሉም ልጅ በዚህ ይደራል አንልም፤ ጥቂቱ ነው የሚደረው። የቀረው ግን ቢያንስ እንስሳ የማይበድል ሰው ሆኖ ይወጣል።

ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የአንሷር ሰው አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው ዓይኑ እንባ ያቀራል። ራሱን ዳሰሱት፤ ዝምም አለ። ባለቤቱ የሆነውን ወጣት አስጠርተው ግመሉ እንደምታስርበውና እንደምታደክመው ነግሮኛል አሉት። ልብ በሉ፤ ባለቤቱ ወጣት ነበር። ጋሪ የሚነዱትን ልጆቻችንን የሚመስል።

ግልቢያን ለወጣት ማስተማርም ሱንና ውስጥ ሥር ያለው ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶችን አወዳድረዋል። የሠለጠኑት ፈረሶች አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል እንዲሮጡ፣ ያልሠለጠኑት ግን አንድ ማይል ብቻ እንዲሮጡ ነበር ያደረጉት። ለአቅሙ ያልበቃን ፈረስ ረጅሙን አላስሮጡትም። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር ነበር። ነሳኢይ በዘገቡት ሐዲስም ሰው ፈረሱን ማሠልጠኑ ከከንቱ ጨዋታ እንደማይቆጠር ተነግሯል። «ልጆቻችሁን ዋናና ግልቢያ አስተምሩ» እየተባለ በየመድረኩ የሚነገረውን ግን፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያደርሰው ሰነድ ደካማ መሆኑን ዑለሞች ስለተናገሩ፣ እኛ ማስረጃ አላደረግነውም።

ሐጂ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው «እሺ፣ በቆጂ ሯጮች አወጣች፤ ማን ገንዘብ ሰጣት?» አሉ። ሳቅን። እውነት ነው፤ የበቆጂ ልጆች፣ እነ ቀነኒሳና ጥሩነሽ፣ የጀመሩት በመንገዱና በአሠልጣኙ በአቶ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ሩጫና ግልቢያ የሚለያዩት ግን እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሩጫ ባቋረጠበት ቀን ጫማው አይራብም። ፈረሱ ግን በዒድም ቀን ይበላል፤ ልጁ ትምህርት ቤት በዋለበት ቀንም ይበላል፤ እኛ ስብሰባ በምንነታረክበት ቀንም ይበላል። ከበቆጂ የምንወስደው ትምህርት ካለ አሠልጣኙን ነው።

አሠልጣኝ ስንል ከውጭ የሚመጣ ሰው ማለታችን አይደለም። ከአዳማ ተነሥታችሁ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ስትወጡ፣ ጉግስ የተጫወቱ፣ ፈረስ ሲታመም በጆሮው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የኦሮሞ ጀግና በፈረሱ ስም የሚጠራበት ወግ ነበር። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር የሚታወቁበት ስም የፈረስ ስም ነው። ይህ ሁሉ እውቀት በጥቂት አዛውንቶች ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል፤ በየዓመቱም ከነሱ ጋር ይቀበራል። አንዱን አባት አነጋግረናቸው ነበር። «አስተምራለሁ፤ ግን የመጀመሪያውን ወር ማንም ልጅ ፈረስ ላይ አይወጣም» አሉ። ምን ያደርጋል ስንላቸው፣ «ውሃ ያጠጣል፣ ሰኮና ያጸዳል፣ ጀርባ ይዳስሳል። ፈረሱ ሲያየው መሸሽ ሲተው ያኔ ይወጣል» አሉን። የሚከፈላቸውን ስንጠይቃቸው አፈሩ። እንዲያፍሩ መተው የለብንም። በአዲሱ በጀት ውስጥ የመጀመሪያው መስመር የእሳቸው ደመወዝ ነው።

ከሌላው ወገናችንም የምንማረው አለ። በአማራ ክልል በአዊ ዞን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያደርጉትን የፈረስ ትርኢት በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። ሜዳውን የሚሞላው ፈረስ ማኅበሩ ገዝቶ ያከፋፈለው አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፈረስ በራሱ ሳር ቀልቦ ነው የሚመጣው። ለሰማንያ ዓመት ያቆመው ይህ ይመስለናል።

የራሱ ሳር የሌለው ልጅስ? ለዚህ ደግሞ ሩቅ ሀገር ያለ ምሳሌ እናንሣ። ለንደን ውስጥ ብሪክስተን በሚባል ሠፈር፣ ለድኻ ቤተሰብ ልጆች ግልቢያ የሚያስተምር ኢቦኒ የሚባል የፈረስ ክበብ አለ። አንዲት ሙስሊም እናት የዚህን ክበብ ማስታወቂያ ወረቀት ያገኙት መስጊድ ውስጥ ነበር። ልጃቸውን ኸዲጃ መላህን አስመዘገቧት። ለዓመታት ተማረች። እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ18 ዓመቷ፣ ጉድውድ በተባለው ሜዳ ለበጎ አድራጎት በተካሄደው የሴቶች ውድድር ሒጃቧን ለብሳ ጋልባ አንደኛ ወጣች። ጋዜጦች የጻፉት ስለዚያ አንድ ቀን ነው። ክበቡ ገንዘብ ሲያወጣ የኖረው ግን ፎቶ አንሺ በሌለባቸው ዓመታት ነው። ገለባው ላይ፣ አስተማሪው ላይ፣ ሰኮና ከርካሚው ላይ።

ኸዲጃን ካነሣን አይቀር፣ መቂ ላይ አንዲት እናት «ሴቶች ልጆቻችንስ?» ብለውን ነበር። ለየብቻ ሰዓት፣ ሴት ተቆጣጣሪና ተገቢ ልብስ ካለ የሚከለክላቸው ነገር አልታየንም። ፈረስ ውሃ የሚያጠጡትማ ድሮም እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙዎቻችሁ «ከዘካዬ ልስጥ?» ትሉናላችሁ። ዘካ ለባለ መብቱ በእጁ የሚገባ ሐቅ ነው። ኢማም ነወዊይ እንደጻፉት ሙያ ያለው ድኻ የሙያው መሣሪያ የሚገዛበት ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ግልቢያና አያያዝ ተምሮ የጨረሰ ድኻ ወጣት የራሱ የሚሆን ፈረስና የጋሪ ዕቃ ከዘካ ቢገዛለት በዚህ አነጋገር መንገድ አለው። ለአስተማሪ ደመወዝ፣ ለጋራ ፈረሶች ቀለብ፣ ለጋጣና ለአጥር ግን ዘካችሁን አትላኩልን፤ ለእሱ ሰደቃና ወቅፍ አለ። ዝርዝሩን የየአካባቢያችሁን ዑለሞች ጠይቁ። ሽልማትንም በተመለከተ፣ ውድድር ተደርጎ ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ሰው ሽልማት ቢያወጣ ሸሪዓው ይፈቅዳል፤ ለፈረስ በተለይ ተፈቅዷል። ተመልካች «ዳማው ይቀድማል፣ ቦራው ይቀድማል» እያለ ብር የሚያስይዝ ከሆነ ግን ቁማር ነው፤ ያን ቀን ሜዳውን እንዘጋለን። አንድ ወንድማችን ለመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ዋንጫ ላውጣ ብሎን ነበር። ዋንጫው ይቆይ፣ በዚያው ዋጋ ክትባትና ልጓም ግዛልን አልነው። ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን አሥር ልጓም ይዞ መጣ። አላህ ይቀበለው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ስምንት ፈረስ አንገዛም። በሕይወት የቀሩትን ሦስቱን ባሉበት እንጠብቃለን፤ ሁለት እንጨምራለን፤ አምስት ይሆናሉ። በአምስቱ ላይ ሃያ ልጆች በፈረቃ ይማራሉ። ፈረሶቹ ለማንም ልጅ አይሰጡም፤ የጋራ ናቸው፤ ማንም ሊሸጣቸው አይችልም። አምስት ፈረስ በዓመት ወደ 90 ኩንታል ድርቆሽ ይበላል። ከእናንተ የምንለምነው እሱን ነው። አንድ ቤተሰብ የአንድ ፈረስን የአንድ ወር ቀለብ ከያዘ፣ ለአንድ ዓመት ስድሳ ቤተሰብ ይበቃናል ማለት ነው። ሒሳቡን በየሦስት ወሩ በዚሁ ፕሮግራም እናነባለን። ፈረስ ቢሞትም ሞተ ብለን እንናገራለን።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ሳር የሚታጨደው ዝናቡ እንዳቆመ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሚሸጥበት ዋጋና በግንቦት የሚሸጥበት ዋጋ እጅግ እንደሚራራቅ ከብት ያለው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው የገዛነውን ፈረስ በጥቅምት አስገብተን ድርቆሹን ለግንቦት ተውነው። አሁን ግን ድርቆሹ ቀድሞ ይከመራል። መጋዘን የሚሆን አንድ ቆርቆሮ ቤት አንድ ወንድማችን በነፃ ሰጥቶናል።

አዳማ ላይ ያገኘነውን ልጅ በመጪው ዙር ከሚማሩት ሃያዎቹ አንዱ እንዲሆን ጠይቀነው ነበር። ወዲያው እሺ አላለንም። ገቢውን ማን ይከፍልልኛል ብሎ ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጠዋት እንዲማርና ከሰዓት እንዲሠራ ከጋሪው ባለቤት ጋር ተነጋግረን ተስማማን። ከዚያ «ፈረሶቹ መቼ ይመጣሉ?» አለን።

«ድርቆሹ ከገባ በኋላ» አልነው።

ጅራፉን ጋሪው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እንግዲያው ማጨድ እችላለሁ፤ መቼ ልምጣ?» አለ።